ሆዱ ላይ እንቁላል የተሸከመው ዓሣ

የዓሣ ገንዳው የአየር ፓምፕ ቀጥ አለ። ሰሀር ከሶፋው ዘላ ተነሳች። ከገንዳው ስር ይንፎለፎል የነበረው አረፋ የለም። ዝናብ የቀላቀለው ነፋስ የሰፈሩን መብራት በሙሉ አጥፍቶታል።

«አባ! ዓሣው ሊሞትብኝ ነው!»

አባቷ ሉቅማን የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ከበሩ ተመለሰ። ለእሱ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የሚደራበት ሰዓት ነው፤ በዝናብ ደግሞ ተሳፋሪ አይጠፋም።

ዓሣው የትምህርት ቤቱ ነው። ፓይፕፊሽ ይባላል፤ የባሕር ፈረስ ዘመድ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ ከአፉ እስከ ጭራው ቀለበት በቀለበት የሆነ የሞቃት ባሕር ዓሣ። የባዮሎጂ መምህሯ «በዕረፍቱ ማን ይንከባከበዋል?» ስትል ሰሀር ናት ቀድማ እጇን ያወጣችው። ሉቅማንም ውሃው እንዳይፈስ ቀስ እያለ፣ ከኋላ ክላክስ እየተነፋበት፣ ገንዳውን ቤት አድርሶላታል።

«ሆዱ ላይ የተለጠፈው ምንድን ነው?» አለ አሁን ሉቅማን ወደ ገንዳው ጎንበስ ብሎ።

«እንቁላል። ሴቷ ትለጥፍለታለች፤ እስኪፈለፈሉ የሚሸከማቸው እሱ ነው።»

«ወንዱ?»

«ወላሂ! አየር ካጣ ግን እሱም እነሱም አለቁ።»

ሰሀር መምህሯ ያለችው ትዝ አላት፤ ውሃ ከላይ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። ኩባያ አምጥታ እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታፈስ ጀመር። ክንዷ ሲዝል ሉቅማን ቁልፉን አስቀምጦ ተቀበላት። ትንሽ ቆይቶ፣ ውሃው ላይ ተንጠልጥሎ ያለከልክ የነበረው ዓሣ ወደ ታች ወርዶ ቱቦ መሳይ አፉን አሸዋው ላይ ያንሸራትት ጀመር።

ውጪ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ጓደኛዋ ሚካኤላ ናት፤ ዛሬ ሞል ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል።

«ሂጂ ሰሁ፣ እኔ አለሁ» አለ ሉቅማን። እጅጌው እስከ ክርኑ ርሷል።

«ሥራህስ?»

«ሥራው የት ይሄዳል?»

ሰሀር ኮፍያዋን ደፍታ ወጣች። ሚካኤላ የመኪናውን መስኮት አወረደች።

«ግቢያ! ትርሻለሽ!»

«ሶሪ ሚኪ፣ አልመጣም።»

«ሲሪየስሊ? ለዓሣ ብለሽ?»

«ለዓሣው ብቻ አይደለም። ሌላ ቀን፣ እሺ?»

ስትመለስ ሉቅማን አላያትም። ኩባያውን በግራ እጁ ይዞ እያፈሰሰ የደከመውን ቀኝ ትከሻውን ያፍታታል፤ ዓሣውን «አይዞህ፣ አይዞህ የኔ ጌታ» ይለዋል። ሰሀር ወንበር ስባ ከኋላው አቀረበችለት።

«ተቀመጥ አባ» አለችና ኩባያውን ከእጁ ወሰደች።