ስልሳ ሊትር ነው የቀዳሁት

እናቴ «በርሜሉን ያለ ልክ የሞላኸው አንተው ነህ» አለችኝ።

እኔ ግን ስልሳ ሊትር ብቻ ነው የቀዳሁት።

ማን እንደተሳሳተ እናንተ ፍረዱ። ካየሁት ላይ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ውስጥ ፀሐይ ገብታለች...

ጋሼ የምለውን ታላቅ ወንድሜን ባሕር ከበላው ዓመት ሊሞላ ነው። ሊዋኝ ገብቶ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም።

የባሕር ዓሣ ያረባበት የነበረው የመስታወት ገንዳው ግን ሳሎን ውስጥ አለ። ከዓሦቹ የተረፈችው አንዲት ብርቱካንማ ናት። እናቴ «የልጅ ልጅ ካላየሁ ይቺን ላሳድግ» እያለች ጠዋት ጠዋት ታጫውታታለች።

ያን ሰሞን ዓሣዋ ታመመች። ዓሣ ሻጩ «እስከ እሑድ ውሃዋን ካልቀየራችሁ አትተርፍም» አለን።

ቅዳሜ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ባለው የጋሼ በርሜል የባሕር ውሃ አዘጋጀሁ። በየአሥር ሊትሩ በማርከር ያሰመረበት እሱ ነው። የተጣራ ውሃ እስከ ስልሳው መስመር ቀዳሁ። ጨዉን በኩሽና ሚዛን መዝኜ፣ ለአንድ ሊትር ሠላሳ አምስት ግራም ጨመርኩ። እንዲያማስለው ትንሿን ፓምፕ ከትቼ ክዳኑን ገጠምኩ።

እሑድ ክዳኑን ስከፍት...

ውሃው የመቶ ሠላሳውን መስመር ጥቂት አልፎ መቶ ሠላሳ አንድ ደርሷል።

እናቴን ጠራኋት። የወቀሰችኝ ያኔ ነው።

«እማ፣ ውሃ ብጨምርበት ኖሮ ጨዉ ይቀጥን ነበር።»

«እስቲ ለካው።»

በጋሼ የጨው መለኪያ ለካሁት። ሠላሳ አምስት። አልቀጠነም።

የጨው ከረጢቱን መዘንኩ። ከትናንቱ አልጎደለም።

ጣሪያውን አየሁ። ደረቅ ነው።

ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ የበርሜሉ ታች ይታያል። ምንም የለም።

ውሃ ሳይጨመር ከፍ የሚለው አንድ ነገር ሲገባበት ነው። ሰው ቢገባበት ደግሞ፣ ከኪሎው ጋር በሚቀራረብ ሊትር ከፍ ይላል...

«እማ... ጋሼ ስንት ኪሎ ነበር?»

«ሰባ አንድ። ወፈርኩ ብሎ እራት ሲተው አልነበር?»

ይህን ብላ ከስልሳው መስመር እስከ ውሃው ድረስ በዓይኗ ለካች። ከመቶ ሠላሳ አንዱ ስልሳውን ቀንሳ እሷም ደረሰችበት።

ፓምፑን ነቀልኩ። ውሃው ረጋ።

ከዚያ በጣት ውፍረት ወጣ... ወረደ።

ወጣ... ወረደ።

እንደተኛ ሰው ደረት።

በበሩ በኩል ገንዳው ይታየኛል። ዓሣዋ በጎኗ ተንሳፍፋ አፏን ትከፍታለች። ጆጉን አነሳሁ።

«እማ፣ ልቅዳ? እየሞተች ነው።»

እሷ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ከተተች። ባዶው ውሃ ውስጥ ጣቶቿ ቀስ ብለው ታጠፉ፤ አንድ ነገር የጨበጡ ይመስላሉ።

ከዚያ የእጇ ጀርባ ላይ ቆዳዋ ጎደጎደ...

አራት ቦታ። ጎን ለጎን።

እጇን አላወጣችም። እኔንም አላየችኝም።

«ዓሣዋ ትሙት» አለች። «ከዚህ በርሜል አንድ ጆግ አይቀዳም።»