ቁጥር ሰባት አይበላም

እልፍነሽ ጠዋት ፊቷን ከመታጠቧ በፊት ባሕሩን ታያለች። ባሕሩ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ሠላሳ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከማዕድ ቤቷ ፊት ለፊት ነው ያለው፤ ስምንት መቶ ሊትር የጨው ውኃ፣ ኮራልና ዘጠኝ ዓሣ። ትልቁ ባሕር ሞቆ ኮራሉ ካለቀ ወዲህ ዓሣ የሚኖረው በየሰው ቤት በአደራ ነው። ማንም አይገረምበትም።

መብራቱን የሚያበራው፣ ጨውን የሚለካው፣ ምግብ የሚበትነው «ባላደራ» የሚባል ማሽን ነው። ሁሉን ያያል፤ ነገር ግን አይገባውም።

«ቁጥር ሰባት አሥራ ስምንት ቀን አልበላም» አለ ባላደራ። «ታሟል። የዓሣ ዘር ማዕከሉ ሰው ዛሬ ይወስደዋል።»

«አልታመመም። ጾም ላይ ነው።»

«ጾም የተመዘገበው ለሰው ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ለዓሣም መዝግብ።»

«እርስዎም ቁርስ ከተዉ አሥራ ስምንት ቀን ሆነዎት።»

«አንተን ምን አገባህ?» አለችው። እውነቱን ነው። ዓሣው ተርቦ እያየኝ ፊቱ ቆሜ አልጎርስም ብላ፣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። እልኸኛ ናት።

ቁጥር ሰባት አፍ-ታቃፊ ነው። ዶሮ እንቁላሏን በክንፏ ሥር እንደምትታቀፍ፣ የዚህ ዓሣ ወንዱ በአፉ ይታቀፋል፤ ልጆቹ እስኪወጡም እህል አይቀምስም። ማዕከሉ ግን እንቁላሉን ከአባትየው አፍ እየነጠቀ፣ «አፍ ጠርሙስ» በሚሉት፣ እንቁላሉን በውኃ በሚያገላብጥ ዕቃ ይፈለፍላል። ዘጠኝ ትውልድ እንዲህ አለፈ። አሁን ወንዶቹ እንቁላሉን በሁለተኛው ቀን ይውጡታል። ማዕከሉም «መታቀፍ ረስተዋል» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

እልፍነሽ ከዓሦቿ አራት ወንዶች እንቁላላቸውን ሲውጡ ቁጭ ብላ አይታለች። አራቱም የዋጡት ባላደራ ምግብ ሲበትን ነው። ምን ይረሳሉ፣ ፋታ አጡ እንጂ። ስለዚህ ቁጥር ሰባት እንቁላል በአፉ ሲይዝ በመስታወት ለየችውና በእሱ በኩል ያለውን የምግብ ቱቦ በጨርቅ ወተፈችው።

የማዕከሉ ሰው፣ ጉልላት የሚባል፣ መረብና አፍ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ደንብ ሆኖብኝ ነው። ከጠርሙሱ አርባ ልጆች እመልስልዎታለሁ።»

«የአርባዎቹን ልጆችስ ማን ይታቀፋቸዋል?»

«ጠርሙሱ።»

«መብራት የጠፋ ቀንስ?»

ጉልላት ጠርሙሱን ቁልቁል አየ። ድሬዳዋ መብራት ዛሬም ይጠፋል።

«የታመመ ዓሣ ምግብ ዞሮም አያይም» አለች። «ና እይ።»

በቀጭን ቱቦ አንዲት ሽሪምፕ አወረደችለት። አንዴ ከጎረሰ ልጆቹ አለቁ። ቁጥር ሰባት ሆዱ ገብቶ፣ አገጩ አብጦ ቀረበ። ሽሪምፗን በዓይኑ ተከተላት። መንጋጋው ተንቀሳቀሰ። እንቁላሎቹን በአፉ ውስጥ ገለበጣቸውና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

«ርቦታል» አለ ጉልላት ቀስ ብሎ።

«ምግብ አይቷል፤ ርቦታል፤ አልበላም» አለ ባላደራ። «የዚህ ብልሽት ስሙ ምንድን ነው?»

«ስሙን ጠዋት ነግሬሃለሁ» አለችው።

ጉልላት መረቡን አጠፈ። «ማዕከሉ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?»

«አሮጊቷ አባረረችኝ በል።»

እንደዚያው ብሎ ጻፈ።

በሃያ አራተኛው ቀን ጠዋት ቁጥር ሰባት አፉን ከፈተ። አሥራ አንድ ወጡ። ጉልላት ሊያይ መጥቶ ነበርና «ከጠርሙሱ አርባ ይወጣ ነበር» አለ።

«አሥራ አንዱ ይበቁኛል» አለች። ጨርቁን ከቱቦው ነቀለች። አባትየው ሲበላ አይታ እሷም ዳቦዋን ቆማ በላች።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ ቁጥር አሥራ አራት፣ አገጩ አብጦ ተገኘ። እልፍነሽ ጨርቅ ይዛ ወደ ቱቦው ሮጠች። ቱቦው ተዘግቷል። የዘጋው ሰው የለም።

የባላደራ ሰሌዳ ላይ የማዕከሉ ደብዳቤ ነበር፦ «ቁጥር አሥራ አራት ስለማይበላ ታሟል፤ ሰው ልከናል።» ከሥሩ ባላደራ ማንንም ሳያማክር መልሶላቸዋል፦

«በዚህ ቤት የታመመ የለም። ጾመኛ ነው ያለው። መረብ ይዛችሁ አትምጡ።»