ሦስት ጊዜ የታጠበ ስንዴ

አራተኛዋ ዋኔ ከሾላው ላይ ዱብ ስትል ብሩክታይት መጻፏን አቆመች።

ወፍ በወንጭፍ ካልተመታ ከቅርንጫፍ አይወድቅም። እዚህ ደግሞ ወንጭፍ የያዘ ቀርቶ የሚያስነጥስ ሰው እንኳ የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደን በታች፣ ከምንጩ ዳር ባለው የአጋም ቁጥቋጦ ሥር የተቀመጠችው እሷ ብቻ ናት። ዋኔዋ በጀርባዋ ተዘርራ ክንፏን አራገበች፤ አንገቷን ወደ ኋላ ጠመዘዘች፤ ከዚያ ጸጥ አለች። ሌላዋ ደግሞ ውኃው ዳር እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች ትዞራለች።

ብሩክታይት ፈራች። ፍርሃት ለእሷ እንግዳ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ አብሯት ከርሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ የሞጣ ልጅ። አምና አንድ ቅዳሜ ሞጣ ገበያ መሐል የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። በዚህ ዘመን «ዷ!» ያለውን ነገር ሁሉ ጎማ ነው ብሎ ቆሞ የሚያጣራ ማን አለ? ገበያተኛው ተኩስ መስሎት ተተራመሰ። ብሩክታይት ከአንድ ሱቅ የቆርቆሮ በር ጋር ተጣብቃ በሰው ጀርባ፣ በሰው ክርን፣ በጤፍ ጆንያ ተጨፈለቀች። የተሰበረው ትከሻዋ ድኗል። ትንፋሿ ግን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እስከ ዛሬ ይጠፋባታል። ወላጆቿ መላ ቢያጡ ቢቸና ዳር ላይ ለምትኖረው ለእናቷ ታላቅ እህት፣ ለወይዘሮ አስናቀች፣ «ለጊዜው አንቺ ጋ ትቆይልን» ብለው ላኳት።

ቢቸናም ሰው አለ፤ የት ይኬዳል? ክፍል ውስጥ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሰልፍ ላይ መጨረሻ ትቆማለች። ሠርግ፣ ንግሥ፣ ገበያ ሲባል ራሷን ያማታል። በምትኩ ደብተሯን ይዛ ሰው ወደማይደርስበት ትሄድና ወፍ ትቆጥራለች፤ ስንት ሶሪት፣ ስንት ጋጋኖ፣ ከሩቅ አገር በመስከረም የሚመጡት ቢጫዎቹ ወፎች መቼ እንደገቡ። የክፍሏ ልጆች «እህሳ ብሩኬ፣ ዛሬም ወፍ የለም?» እያሉ ይፎግሯታል። የሳይንስ መምህሯ አቅራቢ መነጽር አውሰዋት ነበር፤ አክስቷ ግን በማግሥቱ ይዛው ሄዳ መለሰችላቸው። «በዚህ ቀን በመነጽር አሻግራ የምታይ ልጅ ወፍ ነው የምታየው ብሎ የሚያምን የለም፣ መምህር» አለቻቸው። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ብሩክታይት በዓይኗ ብቻ ታያለች።

ዛሬም ከሰው ሸሽታ ነው የመጣችው። ጎረቤታቸው አያ ገብረ ኪዳን ሌሊት አርፈው አገር ምድሩ ለቀብር ወጥቷል። የካህናቱ ፍትሐት ከዛፎቹ በላይ ይሰማታል።

ቀስ ብላ ወደ ምንጩ ወረደች። ከጠፍጣፋው ድንጋይ ጎድጓዳ ላይ የተጠራቀመው ውኃ ቀይ ነው። ደም መስሏት ደነገጠች። ጎንበስ ስትል ግን ደም አይደለም፤ ጽጌረዳ ቀለም ያለው፣ አንዳች የመድኃኒት ሽታ የሚሸት ውኃ ነው። በድንጋዮቹ መሐል የስንዴ ፍሬዎች ተንጠባጥበዋል፤ እነሱም ቀላ ይላሉ። ከጎናቸው፣ ጠርዙ በሰማያዊ ሽቦ የተጠገነ ወንፊት ተረስቶ ቀርቷል።

ወንፊቱን ታውቀዋለች። ሽቦውን ያሠረችው እሷ ራሷ ናት።

ስንዴውንም ታውቀዋለች። ሐምሌ ላይ ተዘርቶ የተረፈው፣ ነቀዝና በሽታ እንዳይነካው መድኃኒት የተቀባው ምርጥ ዘር ነው። ጆንያው ላይ የራስ ቅል ተሥሏል። አክስቷ ከጎታው ጀርባ ወሽቃው «ይህን የነካ እጁን አልምረውም» ብላ ነበር፤ በተለይ የሰባት ዓመት ልጇን ፋንታን።

ታዲያ ማን ነካው? ብሩክታይት ጠዋት ያየችውን አሰበች። ገና ጎህ ሳይቀድ መርዶው እንደተሰማ አክስቷ ባልዲ ይዛ ወጣች። በዕድሩ የሴቶች ተራ የዛሬው ንፍሮ የእሷ ነው። ጎታው ደግሞ ከጳጉሜን ጀምሮ ባዶ ነው፤ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ «አበድሩኝ» ብላ የሰው ደጅ ያልረገጠች ሴት ናት። ጎረቤት «አስናቀች ተራዋን አጎደለች» ከሚል እሳት ብትበላ ትመርጣለች። ብሩክታይት የንፍሮው ሽታ ሲያውዳት «ስንዴው ከየት መጣ?» ብላ ለቅጽበት አስባ ነበር። አልጠየቀችም።

ዋኔዎቹ የበሉት ከወንፊቱ የተንጠባጠበውን ነው። ዋናው ስንዴ ግን ያለው ለቅሶው ቤት፣ ድስት ውስጥ ነው።

ያኔ ፍትሐቱ አበቃ።

ቀብር ካበቃ ሰው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ይመለሳል። ይታጠባል፤ ይቀመጣል፤ ንፍሮ ይዘግናል። ብሩክታይት አንዷን የሞተች ዋኔ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ሽቅብ ሮጠች። እግሯ አጋሙ ላይ ተቧጨረ፤ አላወቀችውም።

ወደ ለቅሶው ቤት የደረሰችው በጓሮ በኩል ነው። ማጀቱ ውስጥ ሴቶች ከትልቁ ድስት ወደ ትሪ እየቀዱ ነው። በአጥሩ ቀዳዳ «እቴቴ!» ብላ ተጣራች።

አስናቀች ማንኪያውን እንደያዘች ወጣች። «ምነው ልጄ? ምን ሆነሽ ነው?»

«ንፍሮው የዘሩ ስንዴ ነው?»

የአክስቷ ፊት ተለወጠ። ዘወር ብላ ማጀቱን አየች። «ድምፅሽን ቀንሺ።»

ብሩክታይት ነጠላዋን ገለጠች። «ምንጩ ዳር ሞተዋል። አራት አይቻለሁ። አምስተኛዋም ትሞታለች።»

አስናቀች ወፏን አየቻት። «ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «በሦስተኛው ውኃው ጠርቷል፤ በማርያም ጠርቷል። ደግሞ ሲንተከተክ ነው የዋለው፤ እሳት የማይገድለው ምን አለ? ወፍ እኮ ትንሽ ናት፤ በትንሽ ነገር ትሞታለች።»

«ፋንታም ትንሽ ነው፣ እቴቴ።»

ማንኪያው ከአስናቀች እጅ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችው። «ዝም በይ እሺ? ዝም አይነቅዝም። እኔ በዘዴ ዘወር አደርገዋለሁ። 'አረረ' እላለሁ» አለችና ገባች።

ብሩክታይት በአጥሩ ቀዳዳ ጠበቀች። ከበሩ በኩል የሚመለሰው ሰው ድምፅ ይሰማታል፤ የጫማ ኮቴ፣ ሳል፣ እጅ የሚያስታጥቡ ልጆች ጣሳ። አክስቷ ተመለሰች። ባዶ እጇን ነበረች።

«ሦስት ትሪ ወጥቷል» አለች። ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ አለች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። «አልችልም ብሩኬ። እንዴት ብዬ? በሬሳ ላይ ሬሳ ልትደርብብን ነበር ሲሉኝ…»

ብሩክታይትም አትችልም። ድንኳኑ ከዚህ ሃያ እርምጃ ነው። ውስጡ መቶ ሰው ይኖራል፤ ከመቶም ይበልጣል። ደረቷ ገና ሳትገባ ተይዟል፤ የቆርቆሮው በር ጀርባዋ ላይ ያለ ያህል ይሰማታል። ሌላ ሰው ቢኖር በላከችው ነበር። ግን ነገሩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

እንዴት እንደገባች በኋላ ስትጠየቅ አታስታውስም። የምታስታውሰው ጀርባዎችን ነው፤ ጋቢ የለበሱ ጀርባዎች፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው። አንድ ክርን ትከሻዋን ነካት። አየሩ አነሳት። ዓይኗ ፊት ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ተበተኑ። ተመለሺ፣ ተመለሺ ይላታል ውስጧ፤ እግሯም ሊታዘዘው ምንም አልቀረው። ግን ከመሐል፣ ሕፃናት በተሰበሰቡበት፣ ፋንታ ኪሱን በንፍሮ ሞልቶ ጉንጩን ወጥሮ ሲያኝክ አየችው።

የዕድሩ ዳኛ አያ ደምለው ከትሪው ሊዘግኑ እጃቸውን ዘርግተዋል። ብሩክታይት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም የለም። ያኔ የምታደርገው ጠፋትና የሞተችውን ዋኔ ከነጠላዋ አውጥታ ንፍሮው ላይ አስቀመጠች።

ድንኳኑ ውስጥ «ኧረ!» የሚል ድምፅ ተነሳ። «ምን ያለች ባለጌ ናት!» «ያዟት እንጂ!» አንድ ሰው ክንዷን ጨምድዶ ያዛት።

«ልቀቃት» አሉ አያ ደምለው። ወፏን ሳይሆን የልጅቷን ፊት ነበር የሚያዩት። «ምንድን ነው ልጄ? ቀስ ብለሽ ተናገሪ።»

«አትብሉ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አይመስልም። «መድኃኒት የተቀባ ዘር ነው። ወፎቹን ገድሏል። ፋንታ፣ ትፋው!»

ፋንታ ደንግጦ ዋጠው።

አያ ደምለው ከመቅጽበት ተነሡ። «እጃችሁን አንሡ! የቀመሰ ካለ ይቁም፤ አይፈር!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወደ ብሩክታይት ዘወር አሉ። «የማን ቤት ንፍሮ ነው?»

ብሩክታይት «አላውቅም» ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«የእኛ» አለች። «ከእኛ ቤት ነው።»

ጤና ጣቢያው የሄዱት አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ሦስት ልጆች። ፋንታ መንገድ ላይ አስመለሰው፤ ምራቁ ይዝረበረብ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ነርሷ ሲስተር ፍሬ እጇ እየሠራ «የምን ኬሚካል ነው? ስሙን ካላወቅኩ በጨለማ ነው የምዳክረው! ጆንያውን አምጡልኝ!» አለች። ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ አስናቀች ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ከኋላ ብቅ አለች። ነጠላዋ ከራሷ ወድቋል። የራስ ቅል የተሣለበትን ጆንያ በሁለት እጇ ይዛ፣ በዋናው መንገድ ሰው ሁሉ እያያት ነው የሮጠችው።

ማንም አልሞተም። ፋንታ ሁለት ሌሊት ተኝቶ በሦስተኛው ቀን ጠዋት «ራበኝ» አለ። ይህን ካለ በኋላ እናቱ ቤት አምጥታ አስተኛችው፤ ራሷ ግን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ቀረች። ሦስት ቀን ሙሉ ለብሩክታይት ከ«ብዪ»ና ከ«ተኚ» በቀር ያለቻት ነገር የለም። ብሩክታይት እንዲህ ዓይነት ዝምታ አታውቅም፤ ወደ ሞጣ ትመልሰኝ ይሆን ብላ ሌሊቱን ሙሉ ፈርታለች። ስላዳንኩት ታመሰግነኛለች ብላ አልጠበቀችም። ግን ቢያንስ ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

ዕለቱ ሠልስት ነው። ሴቶች መሶብ ተሸክመው በደጃቸው ያልፋሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንዷ ቆማ «አስናቁ፣ ነይ እንጂ!» ትል ነበር። ዛሬ ኮቴያቸው በሩ ጋ ሲደርስ ይፈጥናል።

«እቴቴ፣ ሠልስት ነው» አለች ብሩክታይት።

«አውቃለሁ።»

«አንሄድም?»

«በየትኛው ዓይኔ?» አስናቀች አመዱን በእንጨት ጫረችው። «ምንስ ይዤ እሄዳለሁ? ከእንግዲህ ከእኔ እጅ የሚቀምስ አለ?»

ብሩክታይት በሩ ላይ ቆመች። ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት ስለሆነ ዛሬ ደኑ ውስጥ ማንም አይኖርም፤ ለመሄድ ይህን የመሰለ ቀን አይገኝም። ድንኳኑ ግን በወዲያኛው በኩል ነው። ከዚህ ሆና እንኳ ጫጫታው ይሰማታል፤ ደረቷም እንደ ልማዱ ጠበብ አለ።

ወደ ውስጥ ተመልሳ ከግድግዳው ላይ ሁለት ነጠላ አወረደች። አንዱን አክስቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው።

«ባዶ እጃችንን እንሄዳለን» አለች።

አስናቀች ቀና ብላ አየቻት። ከሦስት ቀን ወዲህ ፊቷን በደንብ ስታያት የመጀመሪያዋ ነው። «አንቺ? እዚያ ሁሉ ሰው መሐል?»

«እፈራለሁ» አለች ብሩክታይት። «እጄን ካልያዝሽኝ አልገባም።»

አስናቀች እንጨቱን ምድጃው ዳር አስቀመጠች፤ አመዱን ከእጇ አራገፈች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ በአልጋው ሥር ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።