በእናቴ መግነዝ ላይ የታየው ፊልም

የአቡጀዲውን ጠርዝ በጆንያ መርፌ እየጠለፍሁ ነበር።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ይሆናል። የካቲት 1980 ዓ.ም.፣ መተማ፣ የእናቴ ጓሮ።

የምነግራችሁን ማመን ያቃተው አይመን። እኔ ግን ጨርቁን በእጄ ሰፍቼዋለሁ... በእጄም አጥፌዋለሁ።

ጨርቁ የእናቴ መግነዝ ነበር።

እናቴ፣ ወይዘሮ አሰፋች፣ መገነዣዋን በቁሟ ገዝታ፣ ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣ ነበር። ከሱዳን የመጣ፣ ወፍራም፣ ነጭ አቡጀዲ። ሳጥኑን በከፈትሁ ቁጥር ታስጠነቅቀኛለች።

«ለመግነዝ የተገዛ አይዘረጋም፣ ልጄ። ከተዘረጋ ሰው ሳይዝ አይታጠፍም።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ዘሩ ግን አስዘረጋው።

ከሁለት ታጣቂዎች ጋር መጥቶ ጓሯችንን በዓይኑ ለካ። ሰሊጥ የምናደርቅበት ስለሆነ ሰፊና ደልዳላ ነው። ለወጣቱ የጦር ሜዳ ፊልም ይታያል አለ። የፊልም ማሽኑና ጄኔሬተሩ ከመንግሥት እርሻው ይመጣሉ። የጎደለው ሸራ ብቻ ነው።

«ነጭ ጨርቅ እንዳለዎት ሰምቻለሁ» አላት።

«የመሞቻዬ ነው።»

«እንግዲያው ትንሽ ቆይተው ይሞታሉ፤ ምን ያስቸኩልዎታል!»

ታጣቂዎቹ ሳቁ።

እናቴ አልሳቀችም። «ዘሩ፣ እትብትህን የቆረጥሁ እኔ ነኝ። ልጄ የት አለ?»

ወንድሜን አምባውን ከሰሊጥ ማሳ ላይ ለውትድርና ያስያዘው ዘሩ ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ቀበሌ በሄድን ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

«ግዳጅ ላይ ነው፣ እማማ አሰፋች።»

ያን ቀንም ይህንኑ አለ። ይህንን እያለ ሳጥኑን ከፈተ።

መርዶው ያልተነገረ ሰው አይለቀስለትም። እናቴ ልጇን አለ ብላ እንዳትጠብቅ አላመነችም፤ ሞተ ብላ እንዳታለቅስ የነገራት የለም። ዓመት ሙሉ ጩኸቷን ጉሮሮዋ ላይ ይዛ ኖረች። አሁን ደግሞ ዘሩ መግነዟን ወሰደባት። እኔም መርፌውን በጨርቁ ላይ ሳይሆን በዘሩ ላይ የምሰካ ያህል እየወጋሁ ሰፋሁ።

የላይኛውን ጠርዝ እንደ ሱሪ ቀበቶ አጥፌ ገመድ አሳለፍሁበት። ገመዱን ያመጣልን ጎረቤታችን፣ ነጋዴው ኸሊል ነበር። ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄን ለእናትሽ የሸጥሁት እኔ ነኝ። ከፈን ነው፤ የሬሳ ልብስ።»

«አውቃለሁ።»

«ወላሂ ዙፋን፣ አትዘርጊው።»

«እኔ ነኝ የምዘረጋው? ለዘሩ ንገረው!»

በሩ ላይ የቆሙትን ታጣቂዎች አየ። ሁለት የሽመል ቋሚዎች አብሮኝ ተከለ።

የታችኛውን ጠርዝ ነፋስ እንዳያነሳው ጠጠር ሞላሁበት። ከዚያ ወጠርነው።

ነፋስ ግን አልነበረም። የዛፍ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ጨርቁ ከመሃሉ ወደ እኛ ተነፋ... ተመለሰ... ተነፋ...

እንደ ተኛ ሰው ደረት።

እጄን አሳረፍሁበት። በዚያ ሐሩር፣ ቀዝቃዛ ነበር።

እናቴ ቀረብ ብላ አሸተተችው።

«ምን ይሸትሻል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

እኔም አሸተትሁት። ሳጥን ሳጥን መሽተት የነበረበት ጨርቅ፣ አዲስ የታጨደ ሰሊጥ ይሸት ነበር። አጨዳው ካለፈ ወራት ሆኖታል።

እንደ ጨለመ ጓሮው ሞላ። ለአጨዳ መጥተው አገራቸው ያልተመለሱ የጎጃምና የወሎ ሠራተኞች መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ዘሩ ከፊት፣ ወንበር ላይ። ማሽኑ ተንኳኳ፤ ታንክ አለፈ፤ ባንዲራ ተውለበለበ።

ከዚያ ሸራው መሃል የሰው ጥላ ቆመ።

«አንተ ረጅም፣ ተቀመጥ እንጂ!» ጮኸ አንድ ጎጃሜ።

«ቀጭኔ ነው እንዴ? ኧረ አስቀምጡልን!»

ተሳሳቁ። ማን እንደሆነ ለማየት ሁሉም ወደ ኋላ ዞረ።

ማሽኑ ፊት ማንም አልቆመም።

ሳቁ ተቋረጠ...

ጥላው ግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ነበር። አምባው ልጅ ሳለ ከአህያ ወድቆ ግራ ትከሻው እንደ ወለቀ ቀርቷል። መተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

እናቴ ክንዴን ጨበጠች። «አየሽው?»

«ዝም በይ፣ እማ...»

«አጥፉት!» አለ ዘሩ። «አጥፉት ብያለሁ!»

ማሽኑ ጠፋ። ብርሃኑም ጠፋ።

ጥላው አልጠፋም።

በጨረቃ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ፣ ይበልጥ ጠቆረ። ከዚያ ማደግ ጀመረ... ወደ እኛ እንደሚራመድ ሰው... ፊቱ ወደ ዘሩ።

ዘሩ ወንበሩን ገልብጦ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አትምጣብኝ! አምባው፣ እኔ አልገደልሁህም! መሞትህን አምና ነው የነገሩኝ... ለቤተሰብ አትናገር አሉኝ! ሞተሃል እኮ! ተመለስ!»

የተናገረውን ራሱ ሲሰማው አፉን በእጁ ያዘ።

እናቴ ተነሳች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«ይኸው ነገርኸኝ» አለችው፣ በቀስታ። «ዓመት ሙሉ ደጅህን የጠናሁት ለዚች ቃል ነበር። ከመግነዜ በፊት ይችን ነው የሰረቅኸኝ።»

ከዚያ ጮኸች።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሠራተኞቹ ከመሬት ተነሥተው ደረታቸውን መቱ። አንደኛው ታጣቂ መሣሪያውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ኮፍያውን አወለቀ። ዘሩን በዚያ ግርግር ሲወጣ ያየው የለም፤ ጥላውም መቼ እንደሄደ ያየ የለም።

ጠዋት ሸራውን አወረድሁት። ገመዱን መዘዝሁ። ጠጠሩን አንድ ሳላስቀር አፈሰስሁ። ባዶ ጨርቅ ነበር፤ በእጄ ዳስሼዋለሁ።

አጠፍሁት። ላነሳው ስል አልተነሳልኝም።

ለልቅሶ የመጣውን ኸሊልን ጠራሁት። በዚያኛው ጫፍ ያዘና ቀና አለ... ፊቱ ተለወጠ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እንደ ቃሬዛ ተሸክመን ገባን። መንገዱን ሁሉ ከንፈሩ ዱዓ ያደርግ ነበር።

ሳጥኑ ውስጥ ስናወርደው እንጨቱ አቃሰተ።

«ቀስ በሉ» አለች እናቴ። «ትከሻውን ያመዋል።»

ክዳኑን ከደነችው። እኔም ቁልፉን አዞርሁና፣ ቀሚሴ ላይ ሰክቼው የቀረውን የጆንያ መርፌ ነቅዬ ወደ ቦታው መለስሁት።