ያልረጋው ጠርዝ

ሟቿ በላቦራቶሪው ወለል ላይ በጎኗ ተጋድማለች። የብረት ጠረጴዛው ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል። ሁሉም «አዳልጧት ነው» አሉ። መርማሪዋ ግን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ሥጋ መሰል ጡብ ጎንበስ ብላ አየችው። እንዳለ ረግቷል፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ጣቶች ያረፉበት ቦታ እንደ ሙጫ ይይዛል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰው ሠራሽ ገላ» አለች የሟቿ ረዳት፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ። «ብርሃን እንደ እውነተኛ ሥጋ ያሳልፋል። የጡት ዕጢን የሚፈልገውን የብርሃን መሣሪያ የምንፈትነው በዚህ ነው። የድሮዎቹ ቶሎ ይበላሹብን ነበር፤ ይሄ ፈስሶ የሚረጋ ሲሊኮን ግን ለዓመታት አይለወጥም። ትናንት ከሰዓት አፍስሰነው እሷን ትቻት ወጣሁ።»

«መሣሪያውስ?»

«ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ዕጢውን ይስታል። በዚህ ጡብ አረጋግጣ ይፋ ልታደርገው ነበር።»

«ጠርዙ ለምን አልረጋም?»

«ሳይደርቅ የጎማ ጓንት ነክቶታል። የጎማ ጓንት ስለሚያበላሸው እዚህ አናስገባም።»

የሟቿ ባል፣ አናጢው፣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «ትናንት ጠዋት ተጣልተን ነው የተለያየነው» አለ፣ ስንጥር የቦጫጨቀውን እጁን እያየ። «ከሥራሽ ጋር ኑሪ አልኳት።»

አጠገቡ የቆመው የሟቿ ሐኪም ወንድም ረጋ ብሎ ተናገረ። «እዚህ ከመጣሁ ቆይቻለሁ። መሣሪያውን እኔም እሠራበታለሁ፤ እንከን የለውም።»

መርማሪዋ የሐኪሙን የምርመራ ክፍል አይታ ተመለሰችና ሦስቱን ጡቡ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ጡቡ የተነካው ገና ሳይረጋ፣ ረዳቷ ከወጣች በኋላ ነው። ባዶ እጅ ቢሆን የጣት መስመር ይተው ነበር፤ ይሄ ልሙጥ ነው። አናጢው ደግሞ ጓንት አያውቅም፤ እጁን እዩት። ረዳቷ የጎማ ጓንት እንደሚያበላሸው ታውቃለች። ዶክተር፣ እርስዎ ክፍል ያለው ጓንት በሙሉ የጎማ ነው።»

ሐኪሙ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ይፋ እንዳታደርገው እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። ጤነኛ ናችሁ ብዬ የሸኘኋቸው ስንት ናቸው? ጡቡን ላጠፋው ሳነሳ እጄን ያዘችኝ። ገፈተርኳት። ከሸኘኋቸው አንዷ እናታችን ነች። እሷን በምስጢር ሌላ ቦታ ላስመረምራት ነበር።»

«ሌሎቹንስ?» አለች መርማሪዋ።



አናጢው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የአማቱን ቁጥር ፈለገ።

«የልጇን መርዶ እንኳ ገና አልሰማችም» አለ። «አሁን የትኛውን ነው አስቀድሜ የምነግራት?»