ያልጠየቅሁት ጥያቄ

ሬዲዮ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት «መንፈስ አየሁ፣ የሞተ ጎረቤቴ ሰላም አለኝ» እያለ የደወለልኝን አድማጭ ሁሉ «እናመሰግናለን» ብዬ ዘፈን እያስገባሁ ያሰናበትኩ ሰው ነኝ፣ አንዱንማ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ስቄበታለሁ። ስለዚህ ይሄን የማወራችሁ እንዲህ ያለ ወሬ የሚጥመኝ ሆኜ አይደለም። የሆነውን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

ጣቢያችን መገናኛ አካባቢ አንድ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ማሠራጫው ደግሞ እንጦጦ ላይ። የእኔ ፕሮግራም ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ስለ ከተማው ወሬ፣ ስለ ፖለቲካውም ስለ ባህሉም ከእንግዳ ጋር እናወራለን፣ ሰው ይደውላል፣ ይጨቃጨቃል፣ ይታረቃል። እኮራበታለሁ፣ አልደብቃችሁም። የካ አባዶ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሾፌሩ የፕሮግራሜን የድጋሚ ሥርጭት ድምፅ ከፍ ሲያደርገው፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ብቻዬን ፈገግ የምል ሴት ነኝ።

ነሐሴ ነበር። የዚያን ቀን እንግዳዬ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፣ ስማቸውን እንለፈው፣ የምንነጋገረው ደግሞ እዚሁ የካ ውስጥ ስላለች አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነበር፣ ሽማግሌዎች ጋዜጣ ስለሚያነቡባት፣ ቤታቸው የጠበባቸው ተማሪዎች ስለሚያጠኑባት። ተዘግታ ለቢሮ ልትሰጥ ነው ተብሎ ሰዉ ሳምንቱን ሙሉ ሲደውልልን ነበር የከረመው። ከጻፍኳቸው ጥያቄዎች የመጨረሻው «ለመሆኑ እርስዎ እዚያች ቤት አንድ ቀን ገብተው ያውቃሉ?» የሚል ነበር። እሱን ራሴ ሰረዝኩት። ማንም ሰርዢው አላለኝም፣ እመኑኝ፣ ፈርቼ ነው፣ ሰውዬው ይቀየሙኛል፣ አለቃዬም ይጠራኛል ብዬ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ከእንጦጦ በኩል ከባድ ነጎድጓድ ተሰማ፣ ሄድፎኔም ጭር አለ። ከመስተዋቱ ማዶ የድምፅ መቆጣጠሪያው ኮንሶል ላይ የሚሠራው ዳዊት በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለና «ከአየር ወርደናል፣ ጋሽ ታደሰ ጋ እየደወልኩ ነው» አለኝ። ጋሽ ታደሰ እንጦጦ ላይ ማሠራጫውን የሚጠብቁት ቴክኒሻናችን ናቸው። ለእንግዳው ሻይ አስመጣሁላቸው፣ ስለ ዝናቡ ጥቂት አወራን፣ ከዚያ እሳቸው ስልካቸውን እኔ ወረቀቴን እያየን መስመሩን ጠበቅን።

አንድ ነገር ግን አየሁ። ኮንሶሉ ላይ ሰው ሲናገር ከፍ ዝቅ የሚሉ አረንጓዴ መብራቶች አሉ፣ ታዲያ ማይካችን ተዘግቶ፣ ማንም ትንፍሽ ሳይል፣ እነሱ ይሄዱ ነበር፣ ከፍ ብለው ይቆዩና ያርፋሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው እንደሚመልስ ሆነው ዝግ ብለው ይቀጥላሉ። ሄድፎኑን መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ድምፅ የለም፣ ግን ሰው ሊናገር ሲል የሚስባት ትንሽ ትንፋሽ አለች አይደል፣ እሷን አንዴ ሰማኋት። ለዳዊት መብራቶቹን በእጄ አሳየሁት።

«መብረቁ ነው፣ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል» አለ፣ እኔም ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ መስመሩ ተመለሰ፣ ስለ መቋረጡ ይቅርታ ጠይቀን ፕሮግራሙን ዘጋን፣ እንግዳውም ጨብጠውኝ ሄዱ። ምድር ቤት ስወርድ፣ በትንሽ ሬዲዮ ሁልጊዜ የሚያዳምጡን የሕንፃው ዘበኛ ከወንበራቸው ተነሡልኝ።

«ልጄ፣ ዛሬስ አኮራሽን» አሉኝ።

«ምን አደረግሁ አባባ?»

«ገብተው ያውቃሉ ወይ ብለሽ ስትጠይቂያቸው ነዋ። ሰውዬው ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ ገብቼ አላውቅም አሉ። ነገ ሄጄ አያለሁ ሲሉማ እዚህ የነበርነው ሁሉ አጨበጨብን።»

የቀለዱብኝ መሰለኝ። ስልኬን ስከፍት ግን መልእክቱ ተደርድሯል፣ ከመሪ ሰፈር፣ ከየካ አባዶ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች፣ ሁሉም ስለዚያው ጥያቄ ነው፣ ቃሉ እንኳን እኔ ከሰረዝኩት አንድ ፊደል አይጎድልም። ደረጃውን በሩጫ ተመልሼ ከዳዊት ጋር ስቱዲዮው የቀዳውን ከፍተን ሰማን፣ ያ ሃያ ደቂቃ ባዶ ነው። እንጦጦ ደወልኩ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ሥርጭቱ ሳይቋረጥ ቀርቶ ይሆን እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ፣ መብረቁ ሲበረታ በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት። ከዚህ የወጣ ነገር የለም።»

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ራሳቸው ደወሉልኝ። ድምፃቸው እንደዚያን ቀን የሚያዝዝ አልነበረም።

«ወይዘሮ ሰብለ፣ እኔ እንደዚያ ብያለሁ?»

«አላሉም።»

«ባለቤቴ በጆሮዋ ሰምታኛለች። ሃያ ሰባት ዓመት አብራኝ ኖራለች፣ ድምፄን አትስተውም።» አያይዘውም «ለማንኛውም ሄጄ አየሁት። አንድ ሽማግሌ ከጎናቸው አስቀመጡኝ፣ ጋዜጣ አነበብኩላቸው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ቤተ መጻሕፍቷ አልተዘጋችም፣ ሄዳችሁ ብታዩ ዛሬም ሰው ሞልቶባታል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጠርተው ጋቢ አለበሱኝ፣ እዚያ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እውነቱን ልናገር ብዬ «ጥያቄውን የጠየቅሁት እኔ አይደለሁም» ስላቸው «ትሕትናዋን እዩልኝ» ብለው ጭብጨባውን አባሱት። ምን ልበላችሁ፣ ደረቴ ተነፋ። ያልሠራሁት ሥራ መሆኑን እያወቅሁ፣ ጋቢውን ሳላወልቅ በእግሬ እስከ ቤቴ ሄድኩ፣ ሰው እንዲያየኝ።

ባለፈው እሑድ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እናቴ ጋ ሄድኩ። እናቴ ሬዲዮ ከጀመርኩበት ቀን ጀምሮ አንድም ፕሮግራሜ አምልጧት አያውቅም፣ ሰው እቤቷ ሲመጣ የምትኮራብኝ ኩራት ለእኔም ይከብደኛል። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ቃል አላነሣችልኝም ነበር። ገረመኝና እኔው ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ የቤተ መጻሕፍቷ ጉዳይ የቀረበ ቀን ሰምተሽኝ ነበር?»

«ሰምቻታለሁ።»

«ማንን?»

ምስር እየለቀመች ነበር፣ ቀና አላለችም። «ያቺኛዋን ነዋ። ድምፁ ያንቺው ነው፣ አነጋገሩም ያንቺው ነው። አንቺ ግን ከባድ ነገር ከመናገርሽ በፊት ምራቅሽን ትውጫለሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው። እሷ አትውጥም።»

እናቴ ጠጠሩን ለይታ ወደ ዳር አደረገች።

«የምታውቂያት መስሎኝ እኮ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። «ከትናንት ወዲያም ነበረች።»

እናቴ ያለችው ዓርብ ዕለት መስመሩ አልተቋረጠም። ሙሉውን ሰዓት ማይኩ ፊት ተቀምጬ ስናገር ነበር፣ እንደ ዓርቡ ደግሞ በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።