በዓይን የማይታየው አቧራ

በ2004 ዓ.ም. የፊዚክስ መምህሯ ወንጌላዊት ከሐይቅ ዳር ብዙ በማይርቅ ኮሌጅ ከጣሪያ ወድቃ ሞታ ስትገኝ፣ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር በኃይሉ ነበር። ለለቅሶው በተተከለው ድንኳን ውስጥ ደረቱን ይደቃል፤ ወዲያው ደግሞ የለቅሶውን ንፍሮ በእፍኙ ይዘግናል። ጨው የነካውን ጣቱንም ይልሳል።

«ለጥናታቸው ወደ ጣሪያው ቴሌስኮፕ ወጥተው ከተማሪዋ ጋር ሲጨቃጨቁ ከግቢው ሆኜ አየሁ» ብሎ በሰጠው ቃል ተማሪዋ ሃሴት ታሰረች። ምስኪን ልጅ! እናቷ አባይነሽ ለልጇ ምግብ በሳህን ይዛ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ዋለች። ልጇ የታሰረባት እናት ምን እህል ይወርድላታል?

ኢንስፔክተር አስካለ ሃሴትን ጠየቀቻት።

«ከመምህርሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ እሷ እንደ እናቴ ነበረች! የተጣላችው ከዶክተሩ ጋር ነው። ጥናቷ ላይ ሳይሠራ ስሙን አስገብቶ፣ ልታስወጣው ነበር።»

«ጥናቱ ስለምንድን ነው?»

«ድንክ በሚባሉ ትንንሽ ጋላክሲዎች ውስጥ ስላለ ቀዝቃዛ አቧራ።»

«በጣሪያው ቴሌስኮፕ የምታዩት?»

ሃሴት እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። «በዓይን አይታይም እኮ! በጣም ስለሚቀዘቅዝ የሚሰጠው ኢንፍራሬድ የሚባል፣ ዓይን የማያየው ጨረር ነው፤ እሱንም አየሩ ይውጠዋል። ጠፈር ላይ ያለ ቴሌስኮፕ ያነሳውን በኮምፒውተር ነው የምናየው። ለዚህ ሥራ ጣሪያ ወጥተን አናውቅም።»

ዘበኛው ጋሽ ጠሀ ደግሞ፣ «የጣሪያው ቁልፍ? አንድ ነው፣ እሱም ከዶክተሩ ኪስ አይወጣም። ለመጥረግ እንኳ ስፈልግ ለምኜ ነው» አለ።

አስካለ ሃሴትን ይዛ ድንኳኑ ገባች። አባይነሽም ከጣቢያው በር ተከትላቸው መጣች።

«ዶክተር፣ ለማናውቀው ይንገሩን። ጣሪያው ላይ ምን ያደርጉ ነበር?»

«አልኩሽ እኮ! በቴሌስኮፑ አቧራውን ያያሉ።»

«እርስዎስ አይተውት ያውቃሉ?»

«እንዴታ! የራሴ ጥናት አይደል? ቀላ ያለ ጭስ ይመስላል።»

ሃሴት ለእሱ አፍራ አንገቷን ደፋች።

«ይህ አቧራ በዓይን አይታይም» አለች አስካለ። «ለእሱ ብሎ ጣሪያ የሚወጣ የለም፤ ስለዚህ አየሁ ያሉት ፈጠራ ነው። እንዲህ የሚፈጥር ደግሞ ጥናቱን ያላነበበ ሰው ብቻ ነው። ወንጌላዊት ስምዎን ልታወጣ የነበረውም ለዚሁ ነው። የጣሪያው በር በእርስዎ ቁልፍ እንጂ አይከፈትም። ማን ከፍቶ አወጣት?»

«እኔን! የእኔን ስም ልትፍቅ!» ሲል ያልዋጠው ንፍሮ ከአፉ ተረጨ። «አንዴ ነው የገፋኋት!»

አስካለ ካቴናውን ካጠለቀችለት በኋላ ንፍሮ የተረጨበትን እጇን ከልብሷ አራቀችና ሳሙና ጠየቀች። ውሃውን ያፈሰሰችላት አባይነሽ ነበረች።

«እጠቢ ልጄ፣ ደግመሽ እጠቢ» አለቻት፤ በሌላው እጇ የሃሴትን ክንድ ጭምድድ አድርጋ እንደያዘች።